ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚቀሰቅስ አሳብ፦ ጭንቀት የእምነት ማነስ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «የ36 ዓመት ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሜክሲኮ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግሁበት የካዛንቺስ ቤታችን ለመልሶ ማልማት ከፈረሰ ወዲህ ቀበና በኪራይ ነው የምንኖረው። አከራያችን ጭማሪ እንደሚኖር ጠቆም አድርገውናል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናቴ ስኳርና ደም ግፊት፣ የባለቤቴ የሥራ ውል ይታደስ ይሆን የሚለው፣ ሁሉም ተሰብስቦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይቀሰቅሰኛል። ልቤ ይመታል፣ ትከሻዬ ይከብደኛል፣ እስኪነጋ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። እጸልያለሁ፤ ግን ጸሎቱ ራሱ ጭንቀት ይሆንብኛል። የቅርብ ጓደኛዬ ‹በአንዳች አትጨነቁ ተብሎ ተጽፎ የለ? እምነትሽ ቢጠነክር አትጨነቂም ነበር› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መጨነቄ ኃጢአት እየመሰለኝ በእሱም እጨነቃለሁ። እምነት የለኝም ማለት ነው? ሐኪም ዘንድ ብሄድስ በእግዚአብሔር አለመታመን አይሆንብኝም?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የመጨረሻ ጥያቄሽን ላስቀድም፤ በእሱ እያመነታሽ ሌላ ወር እንዲያልፍብሽ አልፈልግም። ሐኪም ዘንድ መሄድሽ በእግዚአብሔር አለመታመን አይደለም። መጨነቅሽም እምነት የለሽም ማለት አይደለም። ይህን የምልሽ ለማባበል አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ዛሬ ደግሞ አራት ኪሎ ተቀምጬ የሥነ ልቦና ምክር የምሰጥ ሰው ነኝ። አንቺ የጻፍሽውን የሚመስል ታሪክ ይዘው የሚመጡ ብዙ ምእመናን አያለሁ፤ ከኑሮው ክብደት ይልቅ «አማኝ ሆኜ እንዴት እጨነቃለሁ» የሚለው ጸጸት የጎዳቸው ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ሁለተኛውን ሸክም ከትከሻሽ እናውርድ።

ጓደኛሽ የጠቀሰችው ፊልጵስዩስ 4፥6ን ነው። ሙሉው እንዲህ ይላል፦ «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ።» ይህን የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ላይ ሆኖ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ እስራቱ ደጋግሞ ይናገራል። ምዕራፍ 2 ላይ አፍሮዲጡ የሚባል ወንድም ለሞት እስኪቃረብ ታሞ እንደ ነበር ይነግረንና እግዚአብሔር የማረው «ኀዘን በኀዘን ላይ» እንዳይጨመርብኝ ብሎ ነው ይላል። አሁን ወደ ፊልጵስዩስ የሚልከው ደግሞ እነሱ አይተውት ደስ እንዲላቸው፣ የራሱም ሐዘን እንዲቀልለት ነው። «አትጨነቁ» ያለው ሰው ልቡ የማይነካ ሰው አልነበረም ማለት ነው። በሌላ መልእክቱ ዕለት ዕለት የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አሳብ እንደሚከብድበት፣ መቄዶንያ በደረሰ ጊዜም በውጭ ጠብ በውስጥ ፍርሃት እንደ ነበረበት ሳይደብቅ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ሰው አልፎት ይሄዳል። ምዕራፍ 4ን እስከ መጨረሻው ብታነቢው ጳውሎስ ስለ ገንዘብ ርዳታ ያመሰግናል። የፊልጵስዩስ ሰዎች በመከራዬ ተካፍላችሁ መልካም አደረጋችሁ ይላቸዋል፤ ተሰሎንቄ ሳለሁ እንኳ አንድ ሁለት ጊዜ ላካችሁልኝ ይላል፤ አሁንም በአፍሮዲጡ እጅ የላኩትን ተቀብሎ ተሞልቼአለሁ ይላል። «በአንዳች አትጨነቁ» እና «የላካችሁልኝ ደረሰኝ» የሚሉት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ በጥቂት ቁጥር ልዩነት ነው የተጻፉት። ቃሉ ሰውን ብቻውን ክፍል ውስጥ ዘግቶ «በል አትጨነቅ» የሚል ትእዛዝ አይደለም። ለእግዚአብሔር ንገሩ፣ አመስግኑ፣ እርስ በርሳችሁም ሸክም ተካፈሉ የሚል የቤተሰብ ቃል ነው። ጓደኛሽ ክፉ አስባ የተናገረችው አይመስለኝም፤ ብቻ ቃሉን ከቤተሰቡ ነጥላ ነው ያቀበለችሽ። ይልቅ «ነይ፣ ቅዳሜ ልጆቹን እኔ ልያዝልሽና አንቺ ትንሽ ተኚ» ብትልሽ ኖሮ ለጳውሎስ አሳብ የበለጠ በቀረበች።

መጨነቅ ራሱ ኃጢአት ከሆነ ጌታችን በጌቴሴማኒ የሆነውን ምን እንለዋለን? «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። ያንኑ ልመና ደጋግሞ ጸለየ፤ ደቀ መዛሙርቱንም ከእኔ ጋር ትጉ ብሎ ለመናቸው። ኃጢአት የሌለበት ጌታ አጠገቤ ሁኑ ብሎ ሰው ፈለገ። አንቺ ሌሊት ላይ ልብሽ ሲመታ ያለሽው እርሱ አስቀድሞ በቆመበት ቦታ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንቺን ሳስብ ትዝ የሚለኝ ነቢዩ ኤልያስ ነው፤ 1ኛ ነገሥት 19። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ የኤልዛቤልን ዛቻ ሲሰማ ነፍሱን ሊያድን ሸሸ። ብላቴናውን ቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን በረሃ ገባ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ አለ። እግዚአብሔር ምን መለሰለት? ትናንት እሳት አውርደህ ዛሬ ትፈራለህ ወይ አላለውም። አስተኛው። መልአክ ልኮ ነካው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻ እና በማሰሮ ውኃ በራስጌው አቀረበለት። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው። ሁለት ጊዜ እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንዲትም ተግሣጽ የለችም። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ጥያቄው ከመጣ በኋላም ብቻዬን ቀረሁ ሲል ብቻህን አይደለህም፣ ለበኣል ጣዖት ያልሰገዱ 7 ሺህ አሉ ተባለ፤ ረዳት የሚሆነው ኤልሳዕም ተሰጠው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የእግዚአብሔር ድምፅ፣ ከዚያም ባልንጀራ። ለአንቺም የምመክርሽ በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

እንቅልፉን እንያ። 9 ሰዓት ላይ የምትነቂው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፍ እየቀለለ ይሄዳል፣ ሰውነትም ለመንቃት የሚያዘጋጁትን ቅመሞች ቀስ በቀስ መልቀቅ ይጀምራል። ሁላችንም ሌሊት ለአጭር ጊዜ እየነቃን እንተኛለን፤ ጠዋት አናስታውሰውም። አሳብ ያለበት ሰው ግን በዚያች ቅጽበት አሳቡ ይጠብቀውና ሰውነቱ እንደ አደጋ ይነሣል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አንዴ ይህ ከተለመደ አልጋው ራሱ የመጨነቂያ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ከነቃሽ በኋላ በግምት 20 ደቂቃ ካለፈና እንቅልፉ ካልመጣ አልጋው ውስጥ አትታገይ። ተነሺ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ በደብዛዛ መብራት ሌላ ቦታ ተቀመጪ። ስልክ አትክፈቺ፤ የባንክ ሒሳብሽንም በዚያ ሰዓት አትዪ። በ9 ሰዓት የተሠራ የቤት በጀት ሲነጋ ልክ ሆኖ አይገኝም፤ ይህን አንቺ በሙያሽ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

እዚያ ተቀምጠሽ ምን ትጸልያለሽ? «ጸሎቱ ራሱ ጭንቀት ይሆንብኛል» ያልሽው ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የነካው ነው፤ ብዙ ሰው የሚደርስበትና ለመናገር የሚያፍርበት ነገር ነውና። ሌሊት ላይ የምናደርገው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ኪራዩን እናነሣለን፣ «ጌታ ሆይ እርዳኝ» እንላለን፣ ወዲያው ባይረዳኝስ ብለን ወደ ሚቀጥለው እናልፋለን፣ ዞረን እንደገና ኪራዩ ላይ እንመጣለን። በቃሉ ላይ «ጌታ ሆይ» ተጨመረበት እንጂ ያው አሳቡን ማመንዠግ ነው። ሰዓቱ ለምልጃ ዝርዝር አይሆንም። ዝርዝሩን ለቀን እናቆየዋለን፤ እንዴት እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ። ለሌሊት የአባቶችን ቃል ተዋሺ፤ ራስሽ ቃል መፈለግ አይጠበቅብሽም። ዳዊት ሦስትንና አራትን ቀስ ብለሽ፣ ድምፅሽ ለጆሮሽ እስኪሰማ ድረስ አንብቢ። ሦስተኛው መዝሙር ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ የዘመረው ነው፤ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ነው «እኔ ተኛሁ አንቀላፋሁም፤ እግዚአብሔርም ደግፎኛልና ነቃሁ» የሚለው። አራተኛው ሲዘጋ «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» ይላል። ከዚያ መቁጠሪያሽን ይዘሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ፤ «እግዚኦ» ስትዪ አየር ሳቢ፣ «መሐረነ ክርስቶስ» ስትዪ ቀስ አድርገሽ አስወጪ። የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም ልብ ምቱን እየቀነሰ ይመጣል፤ ሰውነት የተሠራው እንዲህ ነው። 41 ሞልተሽ እንቅልፍ ካልመጣ ተቆጥተሽ አትጀምሪው። እንቅልፍ ለማስመጣት የምትሠሪው ሥራ አይደለም፤ በጌታ ፊት ተቀምጠሽ መቆየትሽ በቂ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን መንፈቀ ሌሊት ያደረገችው፣ ጳውሎስና ሲላስም በእኩለ ሌሊት በወኅኒ የዘመሩት፣ ሌሊት ለክርስቲያን የጠላት ሰዓት ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰውነትሽ ሲላላና ዓይንሽ ሲከብድ ወደ አልጋሽ ተመለሺ።

ስለ ቡና አንድ ነገር ልበል፤ ደብዳቤሽ ላይ ባይኖርም በእኛ አገር መጠየቅ ያለበት ነው። ከሥራ ገብተሽ 11 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር አቦል ቶና በረካ የምትጠጪ ከሆነ፣ ምሽት 4 ሰዓት ስትተኚ የቡናው ኃይል በአማካይ ግማሹ ገና በደምሽ ውስጥ ነው። በጾም ወቅት ደግሞ በባዶ ሆድ ይጠጣና ልብ ሲመታ ጭንቀት ይመስላል። ጎረቤቱን አትተዪ፤ ቡናውን ወደ ጠዋት አምጪው፣ ማታ ቄጠማውና ጨዋታው ይበቃል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ጌታ «ለነገ አትጨነቁ፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ሲል ለነገ አታቅዱ አላለም፤ ዮሴፍ በግብፅ ለ7 የረሃብ ዓመታት እህል ያከማቸው በእግዚአብሔር መንፈስ ነው። ለቀኑ ክፋት ግን የቀን ሰዓት ስጪው። ከሥራ ስትወጪ፣ ታክሲ ከመያዝሽ በፊት ወይም ቤት ገብተሽ ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ፣ 20 ደቂቃ ለይተሽ ደብተር ላይ ጻፊ። የምትጨነቂበትን እያንዳንዱን በአንድ መስመር። ከዚያ በየመስመሩ አጠገብ ጥያቄው አንድ ነው፦ በዚህ ሳምንት በእጄ የሚሠራ ነገር አለበት?

ኪራዩን እንውሰድ፤ አብረን እንሥራው። «አከራዬ ያስወጡኛል» የሚለው መስመር ከሌሊት ወደ ቀን ሲመጣ መልኩ ይለወጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉም ዘመን ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ጭማሪም አከራይ በፈለገው ጊዜና መጠን የሚያደርገው እንዳይሆን ገደብ አበጅቷል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚሠራው፦ ውላችን በወረዳ ተመዝግቧል ወይ? ካልተመዘገበ ባለቤቴ ሐሙስ ጠዋት ወረዳ ይሂድ። መስመሩ ተዘጋ። አከራይሽም የራሳቸው ኑሮ ያለባቸው ሰው ናቸው፤ ተቀምጦ መነጋገሩ ብዙ ጊዜ ያሰብነውን ያህል አያስፈራም። የእናትሽ ስኳር፦ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው? መድኃኒቱ እስከዚያ ይበቃል? ይህም በእጅ አለ። የባለቤትሽ ውል ይታደስ ይሆን? ይህ በእጅሽ የለም። ከዚህ አጠገብ «የአንተ ነው» ብለሽ ጻፊ፤ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥7 «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ያለው የሚፈጸመው እዚህ መስመር ላይ ነው። ስሙን ጠርተሽ አንድ ጊዜ ለምኚ፤ ከዚያ ደብተሩን ዝጊ። ሌሊት ሲመጣ «ተጽፏል፣ ለጌታም ተነግሯል፣ ነገ 11 ሰዓት እናየዋለን» ማለት ትችያለሽ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሳቡ አይታዘዝሽም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ልማዱ ሥር የሚሰደው በሳምንታት ነው እንጂ በአንድ ሌሊት አይደለም።

«ከምስጋና ጋር» የሚለውንም አትዝለዪው፤ ግን በግድ ደስ ይበልሽ ማለት እንዳይመስልሽ። በቅዳሴ የምንሰማው ጸሎተ አኮቴት እንዴት እንደሚያመሰግን አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና እያለ ይሄድና «እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና» ይላል። የሚያመሰግነው እስከዚህች ሰዓት ነው። ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ይህችን ቀን በሰላም እንድንፈጽም ደግሞ ይለምናል። ለተጨነቀ ሰው ከዚህ የሚሻል የምስጋና ልክ አላውቅም። ደብተርሽን ስትዘጊ እስከዚህች ሰዓት ያደረሰሽን አንድ ነገር ጻፊ፤ የዛሬ ምሳ ቢሆንም፣ ታክሲ ሳይጠፋ ቤት መግባትሽ ቢሆንም።

የባልንጀራው ጉዳይ እኔ ከምንም በላይ የማስበው ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል፤ «ካዛንቺስ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ» ብለሽ። ከቤቱ ጋር ምን ሄደ? ዕድሩ፣ ጨው ሲያልቅ የሚንኳኳው በር፣ እናትሽን «እንዴት አደሩ» የሚሉ ሽማግሌዎች፣ የኡራኤል ደጅ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎረቤት በአንድ ጊዜ ሲበተን ሰው ያዝናል፤ ሐዘኑ ስም ካላገኘ ደግሞ ጭንቀት ሆኖ በሌሊት ይወጣል። ይህ ሐዘን መሆኑን ለራስሽ ንገሪ። ቢቻልሽ በወር አንድ ጊዜ በ22 ኡራኤል ሂጂ፤ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ብዙ የካዛንቺስ ልጆች በዚያ ቀን እዚያ ደጅ እንደሚገናኙ ከነገሩኝ ሰዎች አውቃለሁ። በአዲሱ ሰፈርሽም የጽዋ ማኅበር ወይም ሰንበቴ ጠይቀሽ ግቢ። ይህን የምታነቡ የወንጌል አማኞችም በቤት ለቤት የጸሎት ቡድናችሁ ውስጥ ይኸው በእጃችሁ አለ፤ ተጠቀሙበት።

ጌታችን «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ፥ እኔም አሳርፋችኋለሁ» ካለ በኋላ ወዲያው «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» ይላል። ዕረፍት ፈልጎ ለመጣ ሰው ቀንበር መስጠት ግራ ያጋባል። በእኛ አገር ግን ያረሰ ሁሉ እንደሚያውቀው ቀንበር ለአንድ በሬ አይሠራም፤ ሁልጊዜ ለጥንድ ነው። ልምድ ያለውን በሬ ከወይፈን ጋር ያጣምዱታል፣ ወይፈኑም ከጎኑ እየሄደ ይማራል። «ከእኔም ተማሩ» የሚለው እዚያው ላይ ነው ያለው። ዕረፍቱ ኪራይና ቀጠሮ የሌለበት ኑሮ አይደለም፤ ሜክሲኮ ሥራሽ ይቀጥላል፣ ልጆቹም ክፍያ ይፈልጋሉ። የተለወጠው ብቻሽን አለመጎተትሽ ነው። ይህ ደግሞ በአሳብ ብቻ አይገኝም፤ አካል ይፈልጋል። በምሳ ሰዓት አራት ኪሎ ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ብትገቢ የምታዪው ይህን ነው፦ የቢሮ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ጫማውን አውልቆ ግድግዳውን ይሳለማል፣ አንዲት እናት ፌስታሏን ከጎኗ አስቀምጣ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፣ ትራፊኩ ከአጥሩ ውጭ ይጮኻል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። አባ እንጦንስ በበረሃ አሳብ በርትቶበት ሳለ ያየው መልአክም እንዲህ ነበር ያሳየው፤ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ተቀምጦ ይታታል። ከቀበና ስትመጪ አራት ኪሎን ታልፊያለሽና በሳምንት ሁለት ቀን ከታክሲ ወርደሽ አሥር ደቂቃ ስጪው። እሑድ ቅዳሴም፣ ቢደክምሽም፣ ቁመሽ ብቻ ስሚ። ካህኑ ልባችሁን ወደ ላይ አድርጉ ሲል ሕዝቡ «በእግዚአብሔር በአምላካችን ዘንድ አለን» ብሎ ይመልሳል፤ ያንቺ ልብ ያን ዕለት ባይነሣም ከጎንሽ የቆሙት ስለ አንቺም እየመለሱ ነው።

ለንስሐ አባትሽ ስትነግሪ «እጨነቃለሁ» ብለሽ ብቻ አትተዪው። «ከ9 ሰዓት በኋላ አልተኛም፣ ይህ ከጀመረኝ ይህን ያህል ወር ሆኖኛል፣ ኃጢአት እየመሰለኝ ነው» ብለሽ ዘርዝረሽ ንገሪያቸው። አባቶች ብዙ ልጆች አሏቸው፤ ልክሽን የሚያውቁት ስትነግሪያቸው ነው።

አሁን ሐኪሙ። ጭንቀቱ አብዛኛውን ቀን እየመጣ 6 ወር ከሆነው፣ ከእሱም ጋር ድካም፣ መቅበጥበጥ፣ ትኩረት ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ የጡንቻ መወጠርና የእንቅልፍ መዛባት ከበዛ፣ ይህ የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። 6 ወር ባይሞላም ሥራሽንና ልጆችሽን መያዝ ካቃተሽ አትጠብቂ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ሂጂና የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንና የደም ማነስ ምርመራ ይታዘዝልሽ፤ ሁለቱም ልብ እንዲመታ ያደርጋሉ። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው አማኑኤልን ብቻ ያስባል፤ በዘውዲቱና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ። ጓደኛ የሰጠችሽን ወይም ከመድኃኒት ቤት በልመና የተገኘ የእንቅልፍ ኪኒን ግን አደራ አትጀምሪ፤ ቶሎ ይለመዳል፣ ለማቆምም ያስቸግራል። ለጭንቀት በሐኪም የሚታዘዙት ዋነኞቹ መድኃኒቶች ሥራቸውን ለማሳየት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በሁለተኛው ቀን አልረዳኝም ብለሽ አትተያቸው፣ ሲሻልሽም በራስሽ ፈቃድ በድንገት አታቋርጫቸው። ኤልያስ እንዳለው «ይበቃኛል፣ ብሞት ይሻለኛል» የሚል አሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ለባለቤትሽ ነግረሽ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

«በእግዚአብሔር አለመታመን» ላልሽው፦ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እርሱ እንደ ሆነ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ስትታመም ጸልይ፣ ለሐኪምም ቦታ ስጠው እያለ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ወንጌሉን የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። ጸበል የምትጠመቂ ከሆነም ተጠመቂ፤ መድኃኒቱን ጣዪ የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ግን አትስሚው። የኤችአይቪ መድኃኒት ወደ አገራችን በገባበት ዘመን ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ አስተምረዋል።

መድኃኒት ከታዘዘልሽ ጾሙና ቁርባኑ እንዴት ይሆናል ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ፤ ሁሉም ይጠይቀኛልና። ለጭንቀት የሚታዘዙት ብዙዎቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን በቀጠሮው ቀን ጠይቂ፤ የምትጾሚባቸውን ሰዓታትና ለቁርባን የምትጾሚውን 18 ሰዓት በግልጽ ንገሪው። የሰጠሽን መልስ ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ ለታመመ ሰው ጾሙን የማቅለል ሥልጣን የእሳቸው ነው፣ አንቺ ለብቻሽ የምትወስኚው ወይም ለብቻሽ የምትሸከሚው አይደለም። ከሁለቱ አንዱ «ያኛውን ተዪ» ካለሽ ሁለቱን በስልክ አገናኚያቸው፤ ይህን ያደረጉ ሰዎች አሉ፣ ሠርቷልም።